ከዐዋጅ እስከ ጎተራ፤ የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የሥራ አመራር

አገርን የሚመራም ሆነ አንድ መሥሪያ ቤት የሚያስተዳድር ሰው ሁለት ፈተናዎች ይጠብቁታል። አንደኛው የሚሠራውን ነገር አጥርቶ ማሰብ ሲሆን ሁለተኛው ያሰቡትን ከፍጻሜ ማድረስ ነው። የመጀመሪያውን ፈተና የሚያልፉ ብዙዎች ናቸው። በሁለተኛው ላይ ግን ስንት ታላላቅ ሐሳቦች በመንገድ ወድቀው ቀርተዋል። በአገራችን የቅርብ ዘመን ታሪክ ይህን ሁለተኛውን ፈተና ከማንም ይበልጥ በማስተዋል የተጋፈጡት ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ናቸው። ስለ ጀግንነታቸውና ስለ አድዋ ድል ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተነግሯል። ከድሉ በስተጀርባ የነበረው የዕለት ተዕለት ሥራ፣ ማለትም ስንቅ ማከማቸት፣ ለሥራው ተገቢውን ሰው መምረጥ፣ የተሠራውን መከታተል፣ ሐሳብን ከዐቅም ጋር ማመዛዘን፣ እንደ ጦርነቱ ወሬ አልተወሳም። ሆኖም ሌላው ሁሉ የቆመው በዚህ ሥራ ላይ ነበር።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ ኀይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ሸዋ በዐፄ ቴዎድሮስ ጦር ተይዞ ስለ ነበር፣ ገና ዐሥራ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው አልጋ ወራሽ ተማርከው ተወሰዱ። እስከ 1857 ዓ.ም. ድረስ ዐሥር ዓመት ያህል የኖሩት በግዞት ነው፤ የግዞታቸውም ፍጻሜ መቅደላ ሆነ። ይሁን እንጂ ግዞቱ እንደ ወኅኒ ቤት አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስ እንደ ልጃቸው አሳደጓቸው፤ ልጃቸውን ወይዘሮ አልጣሽንም ዳሩላቸው። እንዲህ ሆኖ ወጣቱ ልዑል የዘመኑን ታላቅ የመንግሥት ሥራ ከቅርብ ለማየት ቻሉ። መቅደላ ለምኒልክ ትምህርት ቤት ሆነ ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

በዚያ ያዩት ምን ነበር? ዐፄ ቴዎድሮስ በዘመነ መሳፍንት የተከፋፈለችውን አገር አንድ ለማድረግ የተነሡ፣ ከዘመናቸው የቀደመ ሐሳብ የነበራቸው ንጉሥ ነበሩ። ወታደር በገበሬው ቤት እየተመራ እንዳይበላና እንዳይዘርፍ፣ ከመንግሥት ደመወዝ እንዲያገኝ አሰቡ። ፈረንጆቹን የእጅ ባለሙያዎች በጋፋት ሰብስበው መድፍ እስከ ማሠራት ደረሱ። ነገር ግን ደመወዙ ከየት ይመጣል? ለዚህ የሚሆነውን ገቢ ከቤተ ክርስቲያን መሬት ለማግኘት ባሰቡ ጊዜ ከካህናቱ ጋር ተጣሉ። ከባላባቱም ጋር ሰላም አልነበራቸውም። ደመወዝ ያላገኘው ጦር ተመልሶ ገበሬውን ዘረፈ፤ የተዘረፈው ገበሬ ሸፈተ፤ ሽፍታውን ለመቅጣት ደግሞ ሌላ ዘመቻ አስፈለገ። አንድ ጊዜ እጅግ ብዙ የነበረው ሠራዊት እየከዳና እየተበተነ ሄደ። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላ በደረሰ ጊዜ ከንጉሡ ጋር የቀሩት ጥቂት ነበሩ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን የሚያጸናው ጎተራ አልነበረም።

ምኒልክ ይህን መጨረሻ በዐይናቸው አላዩም። በሰኔ ወር 1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው በወሎ በኩል ወደ ሸዋ ገብተው ነበር። መንገዱን የከፈቱላቸው የወሎዋ ወይዘሮ ወርቂት ናቸው። ወርቂት ይህን ሲያደርጉ ልጃቸው በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ በምርኮ ነበር፤ ንጉሡም የምኒልክን ማምለጥ በሰሙ ጊዜ ያን ልጅ በበቀል አስገደሉት። ምኒልክ ወደ አባታቸው አገር የተመለሱት በእንዲህ ያለ ዋጋ ነው።

በሸዋ አልጋ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ያሳዩት የመጀመሪያው ጠባይ ትዕግሥት ነበር። የንጉሠ ነገሥትነት ምኞት እንደ ነበራቸው የታወቀ ነው። ነገር ግን የዐፄ ዮሐንስ ኀይል ከእርሳቸው እንደሚበልጥ በተረዱ ጊዜ፣ በመጋቢት ወር 1870 ዓ.ም. ልቼ ላይ ገብረው የንጉሥነት ማዕርጋቸውን ይዘው ተመለሱ። ምኞትን ከዐቅም ጋር ማመዛዘን ለሥራ መሪ የመጀመሪያው ዕውቀት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ዐቅም ለመገንባት ተጠቀሙበት። በ1871 ዓ.ም. የመጣውን የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግን በቅርባቸው አኖሩ። ኢልግም ከድልድይና ከቤት ሥራ ጀምሮ እስከ ባቡር ሐዲድና እስከ ውጭ ጉዳይ ምክር ድረስ አገለገላቸው። በ1879 ዓ.ም. ሐረርን በያዙ ጊዜ ወደ ባሕር የሚያወጣው የንግድ በር በእጃቸው ገባ፤ አስተዳደሩንም ለታማኙ ለራስ መኰንን ሰጡ። ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ወርቁና ዝባዱ በዚያ በር እየወጣ ጠመንጃ በዚያው በር ገባ።

የዚህ ሀብት ዋጋ በማን ላይ እንደ ወደቀ ሳይነገር መታለፍ የለበትም። በደቡብና በምዕራብ በተደረጉት ዘመቻዎች የብዙ ሰው ሕይወት ጠፍቷል። ከዘመቻው በኋላም ገበሬው በገባርነት ሥርዐት ለወታደሩ እየገበረና ጉልበቱን እየሰጠ እንዲኖር ተደርጓል። የአድዋ ጠመንጃ ከተገዛበት ሀብት ብዙው የእነዚህ ሰዎች ላብ ነው። የአንድ ሥራ መሳካት ሲመዘን ወጪውን የከፈለው ማን እንደ ሆነ አብሮ መመዘን ይገባል።

ምኒልክ ሥራን ለማስኬድ የተጠቀሙበት መሣሪያ አዲስ አልነበረም፤ ከአባቶች የተቀበሉት የቤተ መንግሥት ሥርዐት ነው። ዛሬ እንደ ክብር ስም ብቻ የሚታዩት ማዕርጎች በመሠረታቸው የሥራ ስሞች ናቸው። ፊታውራሪ ከፊት የሚመራ፣ ቀኛዝማች በቀኝ የሚያዘምት፣ ግራዝማች በግራ የሚያዘምት የጦር አለቃ ነው። በጅሮንድ ግምጃ ቤቱን ይጠብቃል፤ ነጋድራስ ነጋዴውንና ቀረጡን ይቈጣጠራል፤ አዛዥ በግቢው ምግብና መጠጥ ላይ ይሾማል፤ ጸሐፌ ትእዛዝ የንጉሡን ቃል በጽሑፍ ያኖራል። የምኒልክ ብልኀት ለእያንዳንዱ ስም የሚስማማውን ሰው ማግኘት ላይ ነበር። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው ወደ ቤተ መንግሥት የመጡ ሲሆኑ፣ በማስተዋላቸውና በፍርድ ዐዋቂነታቸው ከፍ ብለው የመንግሥቱ ዋነኛ የጦር ሹም ለመሆን በቅተዋል። በ1875 ዓ.ም. ያገቧቸው እቴጌ ጣይቱም በምክርም በሥራም አጋራቸው ነበሩ፤ የግቢው ሥራ ቤትና ጓዳ በእርሳቸው ትእዛዝ ይተዳደር ነበር።

እንዲህ ተደራጅቶ የነበረውን አገር የፈተነው ክፉ ቀን ተብሎ የሚታወቀው ረኀብ ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ከውጭ በገቡ ከብቶች የተነሣ በሽታ በምጽዋ በኩል ገብቶ የአገሩን ከብት ፈጀው። በሬ ያጣ ገበሬ ማረስ አልቻለም፤ ዝናቡ ጐደለ፤ አንበጣና ተባይ ተጨመረበት። እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ሕዝቡ በረኀብና በበሽታ አለቀ። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ዘውድ ሲጭኑ አገራቸው በዚህ መከራ ውስጥ ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ የግቢውን ጎተራ አስከፈቱ። በሬ የሌለው ሰው በዶማ እንዲቈፍር ካዘዙ በኋላ እርሳቸው ራሳቸው ዶማ ይዘው ቈፈሩ፤ መኳንንቱም ተከተሏቸው። በእጅ መቈፈር እንደ ውርደት በሚቈጠርበት ዘመን ይህ ተግባር ከብዙ ዐዋጅ ይበልጥ ተሰማ።

ከረኀቡ በኋላ ወደ ተገዙበት ጥያቄ ተመለሱ። ያም ዐፄ ቴዎድሮስን ያሸነፈው ጥያቄ ነው፤ ወታደሩ ገበሬውን ሳይበዘብዝ እንዴት ይቀለብ? የምኒልክ መልስ ዐሥራት ነበር። ገበሬው ከምርቱ ከዐሥር አንዱን ለመንግሥት ጎተራ እንዲያገባ፣ ወታደሩም ቀለቡን ከዚያ እንዲቀበልና በገበሬው ቤት እንዳይመራ ተወሰነ። ካህናቱን መሬታቸውን ከመንጠቅና ከእነርሱ ጋር ከመጣላት ይልቅ ጎተራው አስቀድሞ እንዲሞላ ተደረገ። ይህ ሥርዐት በየአውራጃው እኩል አልተፈጸመም። አንዳንድ ሹም ዐሥራቱንም ተቀብሎ ወታደሩንም በገበሬው ቤት ማሳደሩን አልተወም፤ እንዲህም በሆነበት ስፍራ ዐዋጁ ሸክሙን ከማቅለል ይልቅ አከበደው። ቢሆንም ዐሥራቱ በተሰበሰበበት ሁሉ ለሠራዊቱ የሚሆን እህል በጎተራ ተከማቸ። ከጥቂት ዓመት በኋላ አስፈላጊነቱ ታየ።

ከኢጣልያ ጋር የነበረው ጠብ የተነሣው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከተፈረመው የውጫሌ ውል ነው። በዐሥራ ሰባተኛው አንቀጽ የአማርኛውና የኢጣልያንኛው ጽሑፍ አልተስማሙም። በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ቢፈቅዱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል ለመጻጻፍ ይቻላቸዋል የሚል ሲሆን፣ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተገኘ። ምኒልክ ይህን እንዳወቁ ወዲያው ጦር አላነሡም። ለዓመታት በደብዳቤ ተከራከሩ፤ በዚያውም ጊዜ ጠመንጃ ገዙ፣ እህል አከማቹ፣ ከተጣሏቸው መኳንንት ጋር ታረቁ። በ1885 ዓ.ም. ውሉን መሻራቸውን አስታወቁ።

የክተት ዐዋጁ መስከረም 7 ቀን 1888 ዓ.ም. ታወጀ። ጊዜው በማስተዋል የተመረጠ ነበር፤ ክረምቱ ወጥቶ ወንዞቹ ሲጐድሉ፣ እህሉም ደርሶ ሊታጨድ ሲቃረብ ጦሩ ይጓዛል። መሰብሰቢያው ወረ ኢሉ ሆነ። እያንዳንዱ ገዢ የራሱን ጦር ይዞ በየመንገዱ እንዲመጣ በመደረጉ አንድ አገር የሁሉን ጦር እንዲቀልብ አልተገደደም። ወታደሩ በሶውን፣ ጭኮውን፣ ቋንጣውንና ድርቆሹን ከቤቱ ይዞ ይነሣል፤ ያ ሲያልቅበት በመንገዱ ከተዘጋጁት ጎተራዎች ይቀበላል። ከተዋጊው ጋር በቅሎ የሚጭኑ፣ እህል የሚፈጩ፣ ውኃ የሚቀዱ፣ ቁስለኛ የሚያነሡ ብዙ ሺህ ሴቶችና ወንዶች ተጓዙ። የዘመቻውን ታሪክ የሚያነብ ሰው እነዚህን መዘንጋት አይገባውም፤ እነርሱ ባይኖሩ መቶ ሺህ የሚደርስ ሠራዊት ከሸዋ ትግራይ ባልደረሰ ነበር።

ኅዳር 28 ቀን በአምባላጌ የቀደመው ጦር የኢጣልያን ምሽግ ሰበረ። ከዚያ በኋላ በመቀሌ የነበረው ምሽግ ጠንካራ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውኃው ምንጭ ተያዘ፤ በጥር ወር ምሽጉ ተለቀቀ። የምሽጉ ወታደሮች በሰላም እንዲወጡ መፈቀዱ ያላስደሰታቸው መኳንንት ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን በዚያ ስምምነት ጊዜ አትርፈው ሠራዊቱን ያለ ውጊያ ወደ አድዋ አዞሩት።

በአድዋ ሁለቱ ጦሮች እየተያዩ በቆዩበት ጊዜ የሁለቱም ስንቅ እያለቀ ሄደ። ከኢትዮጵያ ሠራዊት ብዙው እህል ፍለጋ ይወጣ ጀመር፤ ጥቂት ቀን ቢቆይ ኖሮ ንጉሠ ነገሥቱ ሰፈር ለመልቀቅ ይገደዱ ነበር። የኢጣልያው ጄኔራል ባራቲየሪ የቀረው ስንቅ የጥቂት ቀን ብቻ ነበር፤ መንግሥቱም እንዲዋጋ ይገፋፋው ነበር። የኢትዮጵያ ጦር ለቀለብ ተበትኗል የሚል ወሬ ባሻ አውአሎም እንዳደረሱለት ይተረካል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሌሊት ከ17 ሺህ በላይ የሆነው ጦሩ ተነሥቶ በማያውቀው ተራራ መካከል ተከፋፈለ፤ እስከ ቀትር ድረስም ተሸነፈ። ታላቁ ድል በጀግኖች ደም የተገኘ ነው፤ ጀግኖቹ ግን በዚያች ዕለት በዚያ ስፍራ ሊገኙ የቻሉት ከአምስት ወር በላይ ቀለባቸው ሳይቋረጥ በመቆየቱ ነው።

ከድሉ በኋላ ምኒልክ መረብን ተሻግረው ጠላትን ከባሕሩ አላባረሩም። ይህ ውሳኔ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ኤርትራ በኢጣልያ እጅ በመቅረቷም ያስከተለው መዘዝ ቀላል አልነበረም። ነገር ግን ስንቁ ተሟጦ፣ አገሩ በረኀብ ተጐድቶ፣ ቁስለኛው በዝቶ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የያዙትን ድል በማይችሉት ዘመቻ ለአደጋ ከማጋለጥ ይልቅ በጥቅምት ወር 1889 ዓ.ም. የውጫሌን ውል የሚሽርና የኢትዮጵያን ነጻነት የሚያረጋግጥ ውል በአዲስ አበባ ማስፈረምን መረጡ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት የሰላም ሥራ ዓመታት ሆኑ። ቀደም ሲል በ1886 ዓ.ም. ገንዘብና የፖስታ ቴምብር ታትሞ፣ ለባቡር ሐዲዱም ፈቃድ ተሰጥቶ ነበር። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። በ1898 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ባንክ ተከፈተ። የስልክ መሥመር ሐረርንና ሌሎችን አውራጃዎች ከአዲስ አበባ ጋር አገናኘ፤ ለንጉሠ ነገሥቱም በሩቅ ያለውን ሹም ሥራ መከታተያ ሆነላቸው። አዲስ መሣሪያ ሲመጣላቸው ፈትተው ማየትና አሠራሩን መጠየቅ ይወዱ ነበር። በዘመናቸው ማብቂያ ግድምም ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሌላውን የእጅ ባለሙያ በሥራው ምክንያት መስደብ እንዲቀር ዐወጁ። ሠራተኛውን የሚንቅ አገር ሥራ ሊያስፋፋ እንደማይችል ተረድተዋልና።

ይሁን እንጂ በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ አንድ ድካም ነበረ። ሁሉ ነገር የሚጠናቀቀው በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ነው። ክርክሩንም፣ ሹመቱንም፣ የግንብ ሥራውንም የሚያዩት እርሳቸው ናቸው። መጋቢት 1898 ዓ.ም. ራስ መኰንን ሞቱ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በዚያው ዘመን የሕመም ምልክት ታየባቸው። እርሳቸው ባይኖሩ ሥራው በማን ይሄዳል? መልስ ይሆን ዘንድ በጥቅምት ወር 1900 ዓ.ም. ዘጠኝ ሚኒስትሮች ተሾሙ። የፍርድ ሥራ ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ፣ የጦር ሥራ ለፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ጽሕፈት ለጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ፣ ገንዘብ ለበጅሮንድ ሙሉጌታ፣ ንግድና ውጭ ጉዳይ ለነጋድራስ ኀይለ ጊዮርጊስ ተሰጠ። የአገር ግዛት፣ የእርሻ፣ የግቢና የሥራ ሚኒስትሮችም ተመደቡ። ከቤተ መንግሥት የተለየ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በአገራችን የተጀመረው በዚህ ጊዜ ነው።

ፈተናው ግን ሳይዘገይ መጣ። በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱን ከባድ ሕመም ጥሎ አንደበታቸውን ያዘው። በቤተ መንግሥቱ የወገን ፉክክር በረታ፤ በመጋቢት ወር እቴጌ ጣይቱ ከሥልጣን ተገለሉ፤ እንደራሴው ራስ ተሰማ ናደው በ1903 ዓ.ም. ሞቱ። ሚኒስትሮቹ ለዓመታት በአንድ ሰው ዐይን ሲመሩ የኖሩ በመሆናቸው ያ ዐይን ሲከደን በራሳቸው ውሳኔ ሥራን ማስኬድ ከበዳቸው። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ሞታቸው እንኳ ተሰውሮ ቆየ። የመሥሪያ ቤቱ ስም ቢኖርም፣ ሹሙ ቢለወጥም ሥራው እንዳይቋረጥ የሚያደርገው ልማድ ገና ሥር አልሰደደም ነበር። ሆኖም የሚኒስቴሮቹ አቋም አልፈረሰም፤ በኋላ የመጡት መንግሥታት ሁሉ በዚያ መሠረት ላይ ገነቡ።

ንጉሠ ነገሥቱ የዚህን ድካም መድኀኒት ሳያውቁት አልቀሩም። ሚኒስትሮቹ በተሾሙ በዓመቱ፣ በጥቅምት ወር 1901 ዓ.ም.፣ በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ። ለማስተማር ሐና ሳሊብ የተባሉ መምህርና ሌሎች ግብጻውያን ክርስቲያኖች መጡ፤ የመንፈሳዊውን ትምህርት ብቻ ለምደው ለነበሩት ካህናት የዚህ መንገዱ ተጠርጎ ነበር። የፈረንጅ ቋንቋና ሒሳብ የተማሩ ወጣቶች ከዚያ ወጥተው በየመሥሪያ ቤቱ በጸሐፊነት፣ በአስተርጓሚነት፣ በሹምነት አገለገሉ። ጎተራ የዓመቱን ቀለብ ያኖራል፤ ሥራው ሠሪውን አልፎ እንዲኖር ግን ሥራውን የሚያውቅ ሌላ ሰው ማፍራት ያስፈልጋል። ይህም ከንጉሠ ነገሥቱ ሥራዎች ሁሉ በጣም ዘግይቶ የተጀመረውና ገና ያላለቀው ነው፤ ፍጻሜውም ለመምህራን የተተወ ነው።